ምዕራፍ 7፦ ታሪኩን የሚያሳይ መተግበሪያ መምረጥ

ባለፉት ሁለት ምዕራፎች ጊትን ስናዝ የቆየነው በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ እየተሰጠ በሚሠራበት መስኮት ነበር። «ጊት አድ»፣ «ጊት ኮሚት»፣ «ጊት ፑሽ» የሚሉት ትእዛዞች አሁን እንግዳ አይደሉም። ብዙ አንባቢ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንድ ጥያቄ በልቡ ይዞ ቆይቷል፦ ይህን ሁሉ በማውስ እየተጫኑ፣ በዓይን እያዩ የሚሠሩበት መተግበሪያ የለም ወይ? አለ። እንዲያውም ከመብዛቱ የተነሣ መምረጡ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ጊትኬ፣ ጊት ጂዩአይ፣ ቶርተስጊት፣ ሶርስትሪ፣ ጊትሃብ ዴስክቶፕ፣ ፎርክ፣ ጊትክራከን፣ ታወር፣ ሰብላይም መርጅ፣ ጊት ኮላ እያለ ዝርዝሩ ይቀጥላል። ፕሮግራመሮች እነዚህን በጥቅሉ «ክላየንት» ይሏቸዋል፤ እኛም በዚሁ ስም እንጥራቸው።

ምርጫው የሚከብደው ጥያቄው ብዙ ጊዜ በማይሆን በኩል ስለሚጀመር ነው። ሰው ሁሉ «የትኛው ብዙ ነገር ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል። በሚሠሩት ነገር ግን ሁሉም ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፤ ከውስጥ ሆኖ የሚሠራው ያው ጊት ነውና። የሚለያዩት በሚያሳዩትና በሚሸፍኑት ነው። ስለዚህ ክላየንት የሚመረጠው በሚያሳየው ነው። በዚህ ምዕራፍ የምለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ ይመነጫል።

## አዛዡ ብዙ፣ ሠራተኛው አንድ

ጊት እንዴት እንደተወለደ በምዕራፍ 2 አይተናል። የሊነክስ ከርነል ሠሪዎች ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ ሶፍትዌር በነፃ መሰጠቱ ሲቋረጥ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ምትኩን መጻፍ ጀመረ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ጊት የራሱን ኮድ ታሪክ በራሱ መመዝገብ ቻለ። እዚያ ያላነሣሁት አንድ ነገር አለ። በዚያው በ2005፣ ሊነክስን በፓወርፒሲ ማሽኖች ላይ በማሠራት የሚታወቀው ፖል ማኬራስ ጊትኬ የተባለውን የታሪክ መመልከቻ ጻፈ። ጊትኬ ዛሬም ከጊት ጋር አብሮ ይሰራጫል።

ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። የከርነል ፕሮግራመሮች ሙሉ ቀን በተርሚናል የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ትእዛዝ መጻፍ የሚያስፈራቸው ወይም የሚያታክታቸው አልነበሩም። እነሱ እንኳ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሥዕል ካስፈለጋቸው፣ ሥዕሉ የሚፈለገው ከመጻፍ ለመዳን ብቻ አይደለም ማለት ነው። የፈለጉት ማየት ነበር። ምን ማየት እንደፈለጉ ከአፍታ በኋላ እንመጣበታለን።

ከዚያ በፊት ግን ለመምረጥ የሚሠጋን ሰው የሚያረጋጋ አንድ እውነት ላስቀምጥ። በጊት የሚጠበቅ ማንኛውም የሥራ ፎልደር ውስጥ «ነጥብ ጊት» የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ፤ የሥራው ታሪክ በሙሉ የሚኖረው እዚያ ነው። ክላየንቱ የሚያነበው እሱን ነው፤ የሚጽፈውም እሱ ላይ ነው። አንዳንዶቹ ክላየንቶች ጊትን ራሱን ይጠራሉ፤ አንዳንዶቹ ሊብጊት2 በተባለ የኮድ ስብስብ በኩል ይሠራሉ፤ መዝገቡ ግን ያው አንድ መዝገብ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንዱን ጭነው ነገ ቢያጠፉት ከታሪክዎ አንዲት መስመር አትጎድልም። ጠዋት በፎርክ፣ ከሰዓት በተርሚናል፣ ማታ በጊትኬ መሥራት ይቻላል። ባልደረባዎ ሌላ ክላየንት ቢጠቀም እርስዎን አይነካዎትም። ይህ ነፃነት በሌሎች የሶፍትዌር ምርጫዎች ብዙም የማይገኝ ነው፤ ሳይፈሩ ይሞክሩ የምለውም ለዚህ ነው።

## ትውልድ ቆጠራ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የጊት ታሪክ እንደ ቀን መቁጠሪያ የተደረደረ ዝርዝር ይመስላል፤ ግን አይደለም። የትውልድ ሐረግ ነው።

በሀገራችን ብዙ ቦታ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ትውልድ ይቆጥራሉ። ከልጁ ተነሥተው አባቱ እገሌ፣ አያቱ እገሌ፣ ቅድመ አያቱ እገሌ እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይወጣሉ። ከልጅቱም በኩል እንዲሁ። ሁለቱ ቆጠራዎች አንድ ስም ላይ ከተገናኙ ዝምድና አለ ይባላል። ልብ ይበሉ፣ ቆጠራው ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ልጅ አባቱን ይጠራል፤ የልጅ ልጁ ሳይወለድ የሞተ አያት ግን ስለ ልጅ ልጁ የሚያውቀው ነገር የለም።

ጊትም ታሪክን የሚይዘው እንዲሁ ነው። በምዕራፍ 3 እንዳየነው ኮሚት ማለት የሥራው አንድ የተመዘገበ እርከን ነው። እያንዳንዱ ኮሚት የወላጁን ስም በውስጡ ይይዛል፤ የልጁን ስም ግን አይይዝም፤ ሊይዝም አይችልም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የኮሚት ስም በተለመደው አሠራር 40 ምልክት ያለው ሲሆን የሚሰላው ከራሱ ይዘት ነው፤ የወላጁም ስም የይዘቱ አንድ አካል ነው። ልጅ በተወለደ ቁጥር በወላጁ ውስጥ ስሙ ይጻፍ ቢባል የወላጁ ይዘት ይለወጣል፤ ይዘቱ ሲለወጥ ስሙ ይለወጣል፤ የወላጁ ስም ሲለወጥ ደግሞ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ይፋለሳሉ። ስለዚህ ቆጠራው ወደ ላይ ብቻ ሆነ።

ብራንች የምንለው ደግሞ በዚህ ሐረግ ላይ በመጨረሻው ልጅ ላይ የተለጠፈ ስም ነው። ከዚያ የበለጠ ነገር የለውም። ብዙውን ጊዜ 41 ባይት ብቻ የሆነ ትንሽ ፋይል ነው፤ በውስጡ የመጨረሻው ኮሚት ስም ተጽፏል። አዲስ ኮሚት ሲወለድ ስሙ ወደ እሱ ይሸጋገራል። ብራንች ሲጠፋ የሚጠፋው የተለጠፈው ስም እንጂ ትውልዱ አይደለም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ብራንች ባጠፋ ቁጥር ሥራው የጠፋበት እየመሰለው ይደነግጣል።

መርጅ፣ ማለትም ሁለት ብራንቾችን ማዋሐድ፣ ሁለት ወላጅ ያለው ልጅ መውለድ ነው። ለማዋሐድ ሲነሣ ጊት ሽማግሌዎቹ የሚያደርጉትን ያደርጋል። ከሁለቱም በኩል ወደ ላይ እየቆጠረ የሚገናኙበትን ቅርብ ቅድመ አያት ይፈልጋል። ከዚያ የጋራ አያት ወዲህ እያንዳንዱ ወገን ምን እንደለወጠ ያነጻጽርና ለውጦቹን አንድ ላይ ያመጣል። ሽማግሌዎቹ የጋራ አያት ሲያገኙ ጋብቻውን ይከለክላሉ፤ ጊት ደግሞ ያለ ጋራ አያት ማዋሐድ ይቸገራል። ንጽጽሩ እዚህ ላይ ይለያያል፤ የቆጠራው ስልት ግን አንድ ነው።

ተርሚናል ላይ «ጊት ሎግ» ስንል ሐረጉን በቃል የሚወርድልን ሰው ገጠመን ማለት ነው። የሁለት ቤተሰቦችን ስም እየቀላቀለ በቅደም ተከተል ይነግረናል። «ግራፍ» የሚለውን ሲጨምሩበት በኮከብና በሰረዝ ሥዕል መሰል ነገር ያወጣል፤ ለሁለትና ለሦስት ብራንች በቂ ነው። ስድስት ሰዎች በየፊናቸው የሚሠሩበት ፕሮጀክት ላይ ግን ዓይን ሰረዞቹን ተከትሎ መዝለቅ ያቅተዋል። ማኬራስ በጊትኬ ያደረገው ይህን ሐረግ በቀለም በተለዩ መስመሮች መሣል ነበር። የትኛው ከየት ተገነጠለ፣ የት ተገናኘ፣ የት ላይ እስካሁን ተለያይቶ ቀረ የሚለው በአንድ እይታ መልስ አገኘ።

እንግዲህ የመጀመሪያው መፈተኛ ይህ ነው፦ ክላየንቱ ሐረጉን ይሥላል ወይስ አይሥልም? ጊትኬ፣ ቶርተስጊት፣ ሶርስትሪ፣ ፎርክ፣ ጊትክራከን፣ ሰብላይም መርጅ ይሥላሉ። ጊትሃብ ዴስክቶፕ ግን ታሪክን እንደ ዝርዝር ብቻ ያሳያል። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ዝርዝሩ አይጎዳውም፤ አንድ ልጅ ብቻ በየትውልዱ የሚወለድበት ቤት ሥዕል አያስፈልገውም። ሁለት ሰው ሲሆኑ ግን የመጀመሪያው ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ በኩል ነው።

ሥዕሉ ላይ ሦስት ስሞች በግልጽ መታየት አለባቸው፦ አሁን የቆሙበት ቦታ፣ በማሽንዎ ያለው ብራንች፣ በሰርቨር ያለው አቻው። የሦስተኛው ስም ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ኦሪጅን» ከሚል ቅጽል ጋር የሚታየው የሰርቨሩ ብራንች፣ ማሽንዎ ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር በተገናኘበት ሰዓት የነበረውን ነው የሚያሳየው። ኢንተርኔት ከትናንት ጀምሮ ተቋርጦ ከነበረ ሥዕሉ የትናንት ነው። ጥሩ ክላየንት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጠየቀ ጭምር ይጽፋል፤ ጊትሃብ ዴስክቶፕ በዚህ በኩል ምስጉን ነው።

## ኮሚቱ ከመወለዱ በፊት

በምዕራፍ 4 ሥራችን ሦስት ቦታ እንደሚኖር አይተናል፦ በፎልደሩ፣ በመሰናዶው ቦታና በታሪኩ። መሰናዶ ያልነው ፕሮግራመሮች «ስቴጅ» የሚሉትን፣ ቀጣዩ ኮሚት ውስጥ የሚገባው ተለይቶ የሚቀመጥበትን ስፍራ ነው። ተርሚናል ላይ ጀማሪን በብዙ የሚያደናግረው ይህ መካከለኛ ቦታ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም። ሥዕላዊ ክላየንት ከምንም በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንዲት ፕሮግራመር የአንድ ሱቅ የሽያጭ ፕሮግራም እያረመች ነው እንበል። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲሰላ ሳንቲሙ በትክክል አይጠጋጋም። ስህተቱን ለማግኘት ስትል ዋጋውን ወደ ስክሪን የሚያወጡ ሦስት ጊዜያዊ መስመሮች ኮዱ ውስጥ አስገባች። ስህተቱን አገኘች፤ አንዲት መስመር አረመች። አሁን ፋይሉን በክላየንቱ ስትከፍተው የተነሣው አሮጌ መስመር በቀይ፣ የተተካው በአረንጓዴ፣ ሦስቱ ጊዜያዊ መስመሮችም በአረንጓዴ ይታያሉ። ታሪክ ውስጥ መግባት ያለበት ግን እርማቱ ብቻ ነው።

ተርሚናል ላይ «ጊት አድ» ላይ «ፒ» የሚለውን ምልክት ጨምራ ብትሠራ ጊት ለውጡን በቁራጭ በቁራጭ እያወጣ ይህ ይግባ ወይ፣ አይግባ ወይ ብሎ ይጠይቃታል፤ በአንድ ፊደል ትመልሳለች። ጊዜያዊዎቹ መስመሮች ከእርማቱ ጋር ተያይዘው ከተቀመጡ ግን ጊት ቁራጩን ከዚያ በላይ ሊከፍለው አይችልም፤ በመሐል ያልተለወጠ መስመር የለማ። ያን ጊዜ ቁራጩን በጽሑፍ አርታኢ ከፍታ በእጅ ማስተካከል ይኖርባታል፤ ይህ የለመደ እጅ ይጠይቃል። ጊት ጂዩአይ ላይ ግን መስመሯ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋ «ይህችን መስመር አስገባ» የሚለውን ትመርጣለች። ሰብላይም መርጅ ላይ መስመሮቹን በማውስ ስትመርጥ ቁልፉ ራሱ የተመረጡትን መስመሮች ብቻ ወደሚያስገባ ይለወጣል። ከሁሉም በላይ፣ ከተጫነች በኋላ የገባውና ያልገባው ተለያይተው በሁለት ሳጥን ይታዩዋታል። ኮሚት ከማድረጓ በፊት ምን እንደምትመዘግብ ታያለች።

አንዳንድ ክላየንት ይህን መካከለኛ ቦታ ሆን ብሎ ይሸፍነዋል። ጊትሃብ ዴስክቶፕ የተለወጡትን ፋይሎች ሁሉ ምልክት አድርጎባቸው ይጠብቃል፤ የማይገባውን ምልክቱን የሚያነሡት እርስዎ ነዎት። አንድን መስመር ከጎኑ ተጭነው ማስቀረትም ይቻላል። ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ግን ሁሉም ነገር ሲጀመር «ይግባ» ተብሎ ስለሚቀርብ፣ ጊዜያዊዎቹ ሦስት መስመሮች ሳይታዩ አብረው የማለፍ ዕድላቸው ሰፊ ነው። ቪኤስ ኮድ የተባለው የኮድ አርታኢ ደግሞ ምንም ሳያሰናዱ ኮሚት ቢጫኑ «ሁሉንም አሰናድቼ ልመዝግብ?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቁ ጥሩ ነው፤ «ሁልጊዜ» የሚለውን አንዴ ከመረጡ ግን ጥያቄው ዳግመኛ አይመጣም።

## የጋራ አያቱን የማያሳይ አስታራቂ

ሁለት ሰዎች አንዲትን መስመር በየፊናቸው ሲለውጡ ጊት ራሱ መወሰን አይችልም፤ ኮንፍሊክት አለ ብሎ ለሰው ይተዋል። የክላየንቶች ትክክለኛ ልዩነት የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው። የዚያችኑ የሱቅ ፕሮግራም ምሳሌ እንቀጥል። በአንድ ወገን መስመሩ፦

ታክስ = (ዋጋ − ቅናሽ) × 0.15

ይላል። በሌላው ወገን፦

ታክስ = ዋጋ × የታክስ መጠን

ይላል። እስቲ አንባቢው ይፍረድ፤ የትኛው ይቅር? ሁለቱን ብቻ እያዩ መፍረድ አይቻልም። ምናልባት ቅናሹ ድሮም ነበረ፣ ሁለተኛው ሰው በምክንያት አንሥቶታል። ምናልባት ደግሞ አልነበረም፣ የመጀመሪያው ሰው ጨምሮታል። የሁለቱ ትርጉም ለየቅል ነው፤ በአንዱ ፍርድ ደንበኛው ያልከፈለውን ገንዘብ ታክስ ይጠየቅበታል።

አሁን የጋራ አያቱን እንይ። ሁለቱ ብራንቾች ከመለያየታቸው በፊት መስመሩ «ታክስ = ዋጋ × 0.15» ነበር። ነገሩ ወዲያው ጠራ። አንደኛው ቅናሹን ጨመረ፤ ሁለተኛው 0.15 የሚለውን ቁጥር በስም ተካ። ሁለቱም ይፈለጋሉ፤ ትክክለኛው መልስ «ታክስ = (ዋጋ − ቅናሽ) × የታክስ መጠን» ነው። ጊት በራሱ ፋይሉ ላይ የሚጽፈው ምልክት ካልታዘዘ በቀር ሁለቱን ወገኖች ብቻ ያሳያል። «ዲፍ3» የሚባለውን አጻጻፍ ከመረጡለት የጋራ አያቱንም በመሐል ያስቀምጣል። ኬዲፍ3 የተባለው የማነጻጸሪያ መሣሪያ አያቱን፣ የእርስዎንና የሌላውን በሦስት ዓምድ ጎን ለጎን ያቀርባል፤ ከብዙዎቹ ክላየንቶች ጋር ማያያዝም ይቻላል። ክላየንት ሲመርጡ ይህን ጥያቄ አይዝለሉት፦ ኮንፍሊክት ሲመጣ የጋራ አያቱን ያሳየኛል ወይ?

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ክላየንቶች ሁለቱን ወገኖች «የእኛ» እና «የእነሱ» ብለው ይጠሯቸዋል። በመርጅ ጊዜ «የእኛ» የቆሙበት ብራንች ነው። በሪቤዝ ጊዜ ግን፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ እንደምናየው፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ የራስዎ ሥራ «የእነሱ» ይባላል። ወገኖቹን በብራንቻቸው ስም የሚጠራ ክላየንት ከዚህ ሁሉ መዘዝ ያድናል።

## ቁልፉ ከበስተጀርባ ምን ያዛል?

አንድ ቁልፍ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ትእዛዝ በአንድ ላይ ይሸፍናል። የቪኤስ ኮድ «ሲንክ» ቁልፍ ከሰርቨሩ ያለውን ያመጣል፣ ያዋሕዳል፣ የእርስዎንም ይልካል። ሥራው ትክክል ነው፤ ግን ሳያውቁት መርጅ ተደርጎ ሁለት ወላጅ ያለው ኮሚት ታሪክዎ ውስጥ ብቅ ሲል «ይህ ከየት መጣ?» ማለት ይመጣል። ስለዚህ ክላየንቱ የሚሰጠውን ትእዛዝ የሚያሳይ መሆን አለበት። ቪኤስ ኮድ «አውትፑት» በሚለው ክፍል ውስጥ ጊትን ሲመርጡ የሰጠውን ትእዛዝ ሁሉ ይዘረዝራል። ተርሚናል ውስጥ የሚሠራው ሌዚጊት ደግሞ ትእዛዞቹን በአንድ ጥግ ላይ እየጻፈ ይሠራል። ይህን የሚያነብ ሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ክላየንቱም ተርሚናሉም አንድ ይሆኑለታል።

ሁለት ቁልፎች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው በግድ መላክ፣ «ፎርስ ፑሽ» የሚሉት ነው። የሰርቨሩ ብራንች የሚያመለክተውን ኮሚት ትቶ በእርስዎ ይተካል፤ ባልደረባዎ በመሐል የላከው ሥራ ካለ ስሙ ከሐረጉ ላይ ይወርዳል። ጊት «ፎርስ ዊዝ ሊዝ» የሚባል ረጋ ያለ አማራጭ አለው፦ ሰርቨሩ እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ ባዩት ቦታ ላይ ካልሆነ አልልክም ይላል። ክላየንትዎ የትኛውን እንደሚጠቀም ከቅንብሩ ወይም ከትእዛዝ ዝርዝሩ ያረጋግጡ።

ሁለተኛው «ዲስካርድ» ነው፤ ያልተመዘገበ ለውጥን ይጥላል። የተመዘገበ ኮሚት ስሙ ቢወርድ እንኳ ጊት «ሪፍሎግ» በተባለ የግል መዝገቡ ከነባር ቅንብሩ ካልተለወጠ ለ30 ቀን ያስታውሰዋል፤ ቶርተስጊት ይህን መዝገብ በመስኮት ያሳያል። ያልተመዘገበና ያልተሰናዳ ለውጥ ግን በጊት ዘንድ ጭራሽ አልተወለደም፤ ከተጣለ የሚመልሰው የለም። ጊትሃብ ዴስክቶፕ የተጣለውን ወደ ኮምፒዩተሩ ቅርጫት ስለሚልከው ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል። ይህን ያሰቡ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል።

## ፊደላችንስ?

በአማርኛ የሚጽፉ፣ የሚተረጉሙ፣ የመዝገበ ቃላት ወይም የመጽሐፍ ጽሑፍ በጊት የሚይዙ ሰዎች አንድ ተጨማሪ መፈተኛ አላቸው። «ሰላም» የሚል ፋይል ፈጥረው ተርሚናል ላይ «ጊት ስታተስ» ቢሉ፣ ከስሙ ፈንታ የሚወጣው ይህ ነው፦

\341\210\260\341\210\213\341\210\235

የኮምፒዩተሩ ብልሽት አይደለም። ጊት ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለውን የፋይል ስም በቁጥር ገልብጦ የማሳየት ልማድ አለው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ8 በሚባለው አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ ሦስቱ ፊደላት ዘጠኝ ቁጥር ሆነው ወጡ። በጊት ቅንብር ውስጥ «ኮር ነጥብ ኮትፓዝ» የሚለውን ወደ ሐሰት፣ «ፎልስ»፣ ሲቀይሩት ስሙ በፊደሉ ይመጣል። ክላየንት ሲሞክሩ ግን መጀመሪያ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ይስጡትና በትክክል ይጽፈው እንደሆነ ይዩ።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበው ይዘቱ ነው። ጊት ለውጥን የሚያነጻጽረው በመስመር ነው። በአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ አንድ አንቀጽ ብዙውን ጊዜ አንድ ረጅም መስመር ነው። «ጸሐይ» የሚለውን «ፀሐይ» ብሎ ያረመ አርታኢ አንዲት ፊደል ነካ፤ ጊት ግን ሙሉውን አንቀጽ በቀይ፣ ከዚያ ሙሉውን በአረንጓዴ ያወጣዋል። የተለወጠችውን ፊደል በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ መፈለግ ዓይን ያደክማል። ስለዚህ በመስመሩ ውስጥ የተለወጠውን ቃል ወይም ፊደል ለይቶ የሚያደምቅ ክላየንት ለአማርኛ ጸሐፊ የግድ ነው። ተርሚናሉም ቃል በቃል የማነጻጸር አማራጭ አለው፤ ሆኖም ቃልን የሚለየው በባዶ ቦታ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ቃላቱ ያለ ክፍተት በሁለት ነጥብ «፡» ብቻ የተለዩበት ጽሑፍ ከሆነ ሙሉው አንቀጽ አንድ ቃል ይሆንበታል። የጥንት መጻሕፍትን በኮምፒዩተር የሚገለብጡ ሰዎች ይህን ቀድመው ይወቁት።

## ማሽን፣ ክፍያ፣ መስመር

ቀሪው በአጭሩ የሚነገር ነው። ሶርስትሪ፣ ፎርክና ታወር ለዊንዶውስና ለማክ ብቻ ናቸው፤ ጊትሃብ ዴስክቶፕም ከባለቤቱ የሚወጣው ለሁለቱ ብቻ ነው። ቶርተስጊት የዊንዶውስ ብቻ ነው። ሊነክስ ለሚጠቀም ሰው ሰብላይም መርጅ፣ ጊትክራከን፣ ጊት ኮላና ጊትኬ አሉ። ጊትሃብ ዴስክቶፕ፣ ጊትክራከንና ቪኤስ ኮድ ኤሌክትሮን በተባለ መሠረት ላይ የተሠሩ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ብራውዘር በውስጣቸው ይዘው ይነሣሉ፤ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይከብደዋል። ጊትኬና ጊት ጂዩአይ በዚያ ማሽን ላይ ቀላል ናቸው።

ስለ ክፍያው፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ክላየንት ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የካርድ ጣጣ ያመጣል። አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ወይም ነፃ የሆነውን ያስቀድሙ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታም ጊት ራሱ ችግር የለበትም፤ ኮሚት፣ ብራንች፣ መርጅ፣ ታሪክ ማየት ሁሉ ያለ መስመር ይሠራሉ። ክላየንቱ ግን ለመከፈት ብቻ መለያ ስምና የይለፍ ቃል በመስመር የሚጠይቅ ከሆነ ያንን ጥቅም ያሳጣዎታል።

## ፍርዴ

ብቻውን ለሚጀምር ሰው ጊትሃብ ዴስክቶፕ ጥሩ መነሻ ነው። ከሌላ ሰው ጋር መሥራት እንደጀመረ ግን ሐረጉን ወደሚሥል ይሻገር። በዊንዶውስና በማክ የዘወትር ሥራ ፎርክን አስቀድማለሁ፤ ሐረጉ ጥርት ያለ ነው፣ የመሰናዶው ቦታም አይደበቅም። በሊነክስ ሰብላይም መርጅን። ቪኤስ ኮድ ውስጥ ውሎ ለሚያድር ፕሮግራመር የራሱ የጊት ክፍል ይበቃዋል፤ ከ2024 ጀምሮ ሐረጉንም ይሥላል። የትኛውንም ቢመርጡ ጊትኬን ከጎን ያኑሩት፤ ሌላው ክላየንት ግራ ሲያጋባ ነገሩን ገልጦ የሚያሳይ እሱ ነው።

በመጨረሻ አንድ ልመና። ምንም ቁም ነገር የሌለበት የመለማመጃ ፎልደር ይክፈቱ። ሁለት ብራንች ያውጡ፤ በሁለቱም ላይ አንዲትን መስመር በተለያየ መንገድ ይለውጡ፤ ከዚያ ያዋሕዷቸው። ይህን በሁለት ክላየንት ደጋግመው እያነጻጸሩ ይዩት፦ የትኛው የጋራ አያቱን አሳየዎት? የትኛው ሸፈነብዎት? ሙከራውን ሳያደርጉ ወደ ምዕራፍ 8 አይለፉ፤ እዚያ ሪቤዝን የምናስረዳው ይህ ሥዕል በዓይንዎ እንዳለ ቆጥረን ነው።